የምድርን መንቀሳቀስ ከሰማይ መለካት

 

በእኛ አቆጣጠር በ2017 በአዋሽ ፈንታሌና በዙሪያው ምድር ለወራት ስትናጥ በቆየችበት ወቅት፣ ከተማሪዎችም፣ ከጎረቤትም፣ ከሶላት በኋላ ከመስጂድ ደጃፍም ይሰሙ የነበሩት ጥያቄዎች ብዙ ይምሰሉ እንጂ ሲጨመቁ ሦስት ናቸው። አንደኛ፦ ከእግራችን ሥር ምን ተፈጠረ? ሁለተኛ፦ አሁንስ ምን እየሆነ ነው፣ አበቃ ወይስ ገና ነው? ሦስተኛ፦ ቀጣዩ መቼ ይመጣል?

ሦስቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ ደባልቆ መመለስ ሰውን ለሁለት ዓይነት ጥፋት ይዳርጋል። አንዱ ጥፋት «ሳይንስ ምንም አያውቅም» ብሎ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ «ዛሬ ሌሊት በስንት ሰዓት ይመጣል» የሚል ወሬ በስልክ በደረሰ ቁጥር ሕፃናትን ታቅፎ ውጭ ማደር ነው። እውነቱ ግን በሁለቱ መካከል ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች ዛሬ እጅግ የሚያስደንቅ መልስ የሚሰጥ መሣሪያ አለ። ለሦስተኛው ግን የለም። በዚህ እትም ስለዚሁ መሣሪያ፣ ማለትም መሬት በጣት ስፋት ያህል ስትንቀሳቀስ ከ700 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ ስለሚለካው የሳተላይት ራዳር እንነጋገራለን። በጽሑፉ ውስጥ «በእኛ አቆጣጠር» ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ጥያቄው የቆየ ነው

የምድር መንቀጥቀጥን መንስኤ መመርመርና መመዝገብ ትናንት የተጀመረ ነገር አይደለም። ታላቁ ሐኪምና ፈላስፋ ኢብኑ ሲና «አሽ-ሺፋእ» በተሰኘው ሥራቸው ውስጥ የመንቀጥቀጥን መንስኤ ለማስረዳት ሞክረዋል፤ በዘመናቸው እንደነበረው ግንዛቤ በምድር ሆድ ውስጥ ለታፈነ እንፋሎትና ነፋስ ትልቁን ድርሻ ሰጥተውታል። በ911 ዓመተ ሒጅራ (1505) ግብፅ ውስጥ ያረፉት ኢማም ጀላሉዲን አስ-ሱዩጢ ደግሞ ከእርሳቸው በፊት በተለያዩ ዘመናት የደረሱትን መንቀጥቀጦች በየዓመታቸው ያሰባሰቡበትን «ከሽፉ-ስ-ሰልሰላ ዐን ወስፊ-ዝ-ዘልዘላ» የተሰኘ ራሱን የቻለ ኪታብ ትተዋል። የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች የመካከለኛውን ምሥራቅ የመንቀጥቀጥ ታሪክ ሲያጠኑ ከሚያገላብጧቸው ምንጮች አንዱ ይኸው ኪታብ ነው።

በአገራችንም የዚህ ዓይነት መዝገብ አለ። ፒየር ጉዋን የተባሉት ተመራማሪ በ1979 ባሳተሙት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ የምድር መንቀጥቀጥ ታሪክ ውስጥ እንደተዘረዘረው፣ በ1906 አዲስ አበባን ያናወጠ ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ተከስቷል። በ1961 በካራቆሬ አካባቢ በደረሰው ተከታታይ መንቀጥቀጥ ማጀቴ ክፉኛ ተጎድታለች። በ1969 ደግሞ በአፋር የምትገኘው የሰርዶ ከተማ ፈርሳለች። እንግዲህ ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነው የመለኪያው መንገድ ነው።

ቀደም ባሉት ዘመናት መንቀጥቀጥ ካለፈ በኋላ ምድሩ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ለማወቅ ቀያሾች መሣሪያቸውን ተሸክመው ከምልክት ድንጋይ ወደ ምልክት ድንጋይ እየሄዱ መለካት ነበረባቸው። ምልክት ድንጋይ ያልተተከለበት አገር ግን የሚወዳደርበት ነገር ስለሌለ ሳይለካ ይቀራል። እንደ አፋር ባለ ሞቃትና ሰፊ በረሃ ውስጥ ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ራዳር እንዴት ያያል?

ሰው በገደል ፊት ቆሞ ሲጣራ ድምፁ ተመልሶ ይሰማዋል። የገደል ማሚቶ የምንለው ይህንኑ ነው። ድምፁ ሄዶ እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ ያወቀ ሰው ገደሉ ምን ያህል እንደሚርቅ ማስላት ይችላል። ራዳርም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው፤ ልዩነቱ በድምፅ ፈንታ የሬዲዮ ሞገድ መላኩ ነው። ሳተላይቱ ወደ ምድር ሞገድ ይልካል፣ ከምድርም የተመለሰውን ይቀበላል።

ከዚህ ሁለት ትላልቅ ጥቅሞች ይገኛሉ። የመጀመሪያው፣ ተራ ካሜራ የፀሐይን ብርሃን ሲፈልግ ራዳር ግን የራሱን «ብርሃን» ይዞ ስለሚዞር ሌሊትና ቀን ለእርሱ እኩል ነው። ሁለተኛው፣ የሬዲዮ ሞገድ ደመናን አልፎ ስለሚሄድ ክረምትም ሆነ በጋ ሥራው አይቋረጥም።

ይሁን እንጂ በተራው የማሚቶ ስሌት ብቻ የሚገኘው የርቀት መረጃ ለዚህ ጉዳይ አይበቃም። እኛ የምንፈልገው መሬቱ በ2 ወይም በ3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማለቱን ወይም ዝቅ ማለቱን ነው። ከአዲስ አበባ መቀሌ የሚወስደውን መንገድ በሚቀራረብ ርቀት ላይ ያለ መሣሪያ ይህን እንዴት ሊለይ ቻለ? ምስጢሩ ያለው በሞገዱ ጫፍና ሥር ላይ ነው።

የውሃ ሞገድ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ተመልሶ ከፍ ይላል። ከአንዱ ጫፍ እስከሚቀጥለው ጫፍ ያለው ርዝመት የሞገድ ርዝመት ይባላል። ሴንቲኔል-1 በተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ላይ ያለው ራዳር የሞገድ ርዝመቱ 5.6 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሳተላይቱ ሞገዱ ሲመለስ በጫፉ ላይ ይሁን፣ በሥሩ ወይም በመካከሉ ለይቶ ይመዘግባል። ይህንን ደረጃ ሊቃውንቱ «ፌዝ» ይሉታል።

ነገሩን ይበልጥ ግልጽ ለማድረግ የደቂቃ ቆጣሪ ብቻ ያለውና የሰዓት ቆጣሪው የወለቀበት የግድግዳ ሰዓት በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱ። ቆጣሪው ከ12 ላይ ተነሥቶ 3 ላይ ቢደርስ ሩብ ሰዓት እንዳለፈ በትክክል ታውቃላችሁ። ያለፈው ሩብ ሰዓት ብቻ ይሁን ወይስ አንድ ሰዓት ከሩብ ግን ሰዓቱ አይነግራችሁም። የሞገዱ ፌዝም እንደዚሁ ነው። ትንሿን ልዩነት እጅግ በጥራት ይነግረናል፤ ሙሉ ዙሩን ስንት ጊዜ እንደዞረ ግን እኛው መቁጠር አለብን። እንዴት እንደሚቆጠር ቀጥለን እናያለን።

ሁለት ሥዕል፣ አንድ ልዩነት

ሳተላይቱ ምድርን እየዞረ በተወሰኑ ቀናት ልዩነት ወደዚያው ቦታ ይመለሳል። አንዱ የሴንቲኔል-1 ሳተላይት በየ12 ቀኑ በዚያው መሥመር ያልፋል። እንግዲህ ከመንቀጥቀጡ በፊት አንድ ሥዕል፣ ከመንቀጥቀጡ በኋላ ሌላ ሥዕል ይወሰዳል። ከዚያም የሁለቱ ሥዕሎች ፌዝ ነጥብ በነጥብ ይቀናነሳል። መሬቱ በመካከሉ ካልተንቀሳቀሰ (በሳተላይቱ አቋም ለውጥና በተራራው ከፍታ ምክንያት የሚመጣው ልዩነት ተሰልቶ ከወጣ በኋላ) ልዩነቱ በየቦታው ተመሳሳይ ይሆናል። ከተንቀሳቀሰ ግን ልዩነቱ በቀስተ ደመና ቀለማት ተስሎ እንደ ቀለበት ተደራርቦ ይታያል። ይህ ሥዕል ኢንተርፌሮግራም ይባላል።

ይህንን ነገር በቤት ውስጥ ልጆቻችሁን ሰብስባችሁ ማሳየት ትችላላችሁ። የአልጋ አጎበር ሁለት ንብርብር አድርጋችሁ ወደ መስኮት ብርሃን ዘርጉት። በአንዱ ንብርብር ላይ የማይታይ የማዕበል ቅርጽ ሁለቱ ሲደራረቡ ብቅ ይላል። ከዚያ አንዱን ንብርብር በጣታችሁ ጥቂት ሳብ አድርጉት። ጨርቁ የተሳበው በጥቂቱ ቢሆንም የማዕበሉ ቅርጽ ግን በሰፊው ይለዋወጣል። ሁለት ተመሳሳይ ነገሮች ሲደራረቡ በመካከላቸው ያለው ጥቃቅን ልዩነት ጎልቶ ይወጣል። የኢንተርፌሮግራምም ጥበብ ይኸው ነው።

ቀለበቶቹ ደግሞ ይቆጠራሉ። ሞገዱ ሄዶ የሚመለስ በመሆኑ መሬቱ በ1 ሳንቲ ሜትር ወደ ሳተላይቱ ቢቀርብ የሞገዱ መንገድ በ2 ሳንቲ ሜትር ያጥራል። ስለዚህ አንድ ሙሉ ቀለበት የሞገዱን ርዝመት ግማሽ፣ ማለትም 2.8 ሳንቲ ሜትር የሚያህል የመሬት እንቅስቃሴን ያመለክታል። ካልተንቀሳቀሰው ሩቅ ቦታ ተነሥተን ወደ መካከሉ ስንሄድ 10 ቀለበቶች ብንቆጥር መካከሉ በ28 ሳንቲ ሜትር ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። ከላይ ያልነው የጎደለው የሰዓት ቆጣሪ ችግር የሚፈታው እንግዲህ ካልተንቀሳቀሰው ቦታ ጀምሮ ዙሩን በተከታታይ በመቁጠር ነው።

ከላንደርስ በረሃ እስከ ባም ከተማ

ይህ ዘዴ የዓለምን ትኩረት የሳበው በ1992 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ በሞሃቪ በረሃ፣ ላንደርስ በተባለ ቦታ መጠኑ 7.3 የሆነ መንቀጥቀጥ ከደረሰ በኋላ ነው። የአውሮፓ የሕዋ ድርጅት ኢአርኤስ-1 የተባለውን ሳተላይት ከዚያ በፊት በሐምሌ 1991 አምጥቆ ነበር። ዲዲየ ማሶኔ የተባሉት የፈረንሳይ የሕዋ ማዕከል ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ከመንቀጥቀጡ በፊትና በኋላ የተነሡትን ሥዕሎች አቀናንሰው ያገኙትን ውጤት በ1993 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አወጡ። በበረሃው ላይ እንደ ጣት አሻራ ተጠማዝዘው የታዩት ቀለበቶች የተሰነጠቀው መሥመር በየት በኩል እንደሄደና ግራና ቀኙ ምን ያህል እንደተንሸራተተ አሳዩ።

ይህ ጥበብ ለሰው ሕይወት ያለውን ዋጋ በግልጽ የሚያሳየው ግን በኢራን ደቡብ ምሥራቅ የምትገኘው የባም ከተማ ታሪክ ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን 2003፣ በዕለተ ጁሙዓ፣ ሕዝቡ ገና በእንቅልፍ ላይ ሳለ ማለዳ ላይ መጠኑ 6.6 የሆነ መንቀጥቀጥ ከተማዋን መታት። ከ26 ሺህ በላይ ሰዎች ሞቱ። ከጭቃ ጡብ የተሠራውና ለዘመናት የቆየው ዝነኛው የባም ግንብም ፈራረሰ።

የአካባቢውን ሥነ ምድር የሚያውቁ ባለሙያዎች በከተማዋ አጠገብ፣ በባምና በባራቫት መካከል የሚያልፍ የባም ስንጥቅ የሚባል መሥመር መኖሩን ያውቁ ነበር። ስለዚህ ጥርጣሬው ሁሉ በእርሱ ላይ ሆነ። ነገር ግን ኤንቪሳት የተባለው ሳተላይት ታኅሣሥ 3 ቀን 2003 እና ጥር 7 ቀን 2004 ያነሣቸው ሁለት ሥዕሎች ሲቀናነሱ ሌላ ነገር ታየ። ዋናው እንቅስቃሴ የተከሰተው ከሚታወቀው መሥመር በስተምዕራብ በጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት፣ በከተማዋ ሥርና ከከተማዋ ደቡብ በሚያልፍ፣ ማንም ካርታ ላይ ባላሰፈረው ስውር ስንጥቅ ላይ ነበር። ከምድር በታች በኪሎ ሜትሮች ጥልቀት ላይ አለቱ ከ2 ሜትር በላይ ሲንሸራተት ላይኛው ገጽ ላይ ግን የታየው ስንጥቅ እጅግ ጥቂት ነበር። በእግር እየዞረ የሚፈልግ ባለሙያ ይህን በቀላሉ ባላገኘው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የላንደርሱ መንቀጥቀጥ ከባሙ ይልቅ ከ10 እጥፍ በላይ ኃይል ነበረው። በላንደርስ የሞቱት ግን 3 ሰዎች ነበሩ፤ በባም ከ26 ሺህ በላይ። የመጀመሪያው የደረሰው ሰው በጥቂቱ በሚኖርበት በረሃ ላይ ነው። ሁለተኛው የደረሰው ደግሞ ከባድ ጣሪያ በተሸከሙ የጭቃ ጡብ ቤቶች በተሞላች ከተማ ሥር ነው። የሰውን ሕይወት የሚያጠፋው በአብዛኛው የምድሩ መናወጥ ሳይሆን በራሳችን እጅ የሠራነው ግድግዳና ጣሪያ ነው የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ዳባሁ፣ መስከረም 1998 በእኛ አቆጣጠር

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በመስከረም 2005 (በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 1998) ከሠመራ በስተሰሜን ምዕራብ በሚገኘው የዳባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ ምድር ለሳምንታት ተናወጠች። መስከረም 26 ቀን ዳኡሬ በተባለው ስፍራ ምድር ተሰንጥቃ አመድ ወጣ፣ አርብቶ አደሮችም ከብቶቻቸውን ይዘው ከስፍራው ሸሹ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ወደ ቦታው ሄደው የሆነውን ተመለከቱ።

የነገሩን ስፋት የገለጠው ግን ኤንቪሳት ነበር። የራዳር ሥዕሎቹ ሲተነተኑ ምድር በ60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ወደ ግራና ቀኝ ተከፍታ፣ በስፋቷ ጫፍ ላይ 8 ሜትር ያህል መለያየቷ ታወቀ። ክፍተቱን የሞላው ከታች የመጣ ቀልጦ ያለ አለት፣ ማለትም ማግማ ነው። መጠኑ 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ያህል ተገምቷል። ከዚህ ሁሉ ወደ ላይ የወጣው እጅግ ጥቂት ሲሆን የቀረው በምድር ውስጥ እንደ ግድግዳ ቆሞ ቀዘቀዘ። ማግማውን ያበረከቱት የእሳተ ገሞራ ተራሮች ደግሞ ውስጣቸው ሲጎድል ዝቅ ብለው ታዩ።

8 ሜትር ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በአፋር ምድር የምድር ቅርፊቶች እርስ በርሳቸው የሚራራቁት በዓመት ወደ 2 ሳንቲ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። 8 ሜትር 800 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 800 ለ2 ሲካፈል 400 ይሆናል። እንግዲህ 400 ዓመት የሚያህል የተጠራቀመ መሳሳብ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተለቀቀ ማለት ነው። ጉዳዩም በዚያ አላበቃም። እስከ 2010 ድረስ በዚያው አካባቢ ማግማ ለበርካታ ጊዜያት እየተመላለሰ ሲገባ ታይቷል፤ ከመጀመሪያው ጋር ሲቆጠር 14 ጊዜ መሆኑ ነው። ዓለም ስለ ምድር መከፈት ከሚያውቀው ነገር ብዙውን የተማረው ከዚህ ከአፋር በረሃ ነው።

ፈንታሌ፣ 2017 በእኛ አቆጣጠር

ከመስከረም 2024 መጨረሻ ጀምሮ በአዋሽና በመተሐራ አካባቢ የጀመረው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ መሰማቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ለጥቂት ሳምንታት ጋብ ብሎ በታኅሣሥ መጨረሻ እንደገና በረታ። ጥር 3 ቀን 2025 በዶፈን ተራራ አጠገብ እንፋሎትና ጭቃ ከምድር ሲወጣ ታየ። የካቲት 14 ቀን 2025 ደግሞ መጠኑ 6.0 የሆነ መንቀጥቀጥ ተመዘገበ። በአፋርና በኦሮሚያ በኩል በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቤታቸውን ለቀው ተሰደዱ፣ ቤቶች ተሰነጣጠቁ፣ የከሰም ግድብ ደኅንነትም አሳሳቢ ሆነ።

በዚያን ጊዜ የሕዝቡ ትልቁ ጥያቄ «ይህ የተለመደው የስንጥቅ መንሸራተት ነው ወይስ እሳተ ገሞራ ሊፈነዳ ነው?» የሚል ነበር። የመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያዎች መናወጡ የት እንደሆነና ምን ያህል እንደሆነ ይነግራሉ። ምድር በውስጧ ምን እንደተሸከመች ለመለየት ግን የሴንቲኔል-1 የራዳር ሥዕሎች ከፍተኛ እገዛ አደረጉ። ሥዕሎቹ ከፈንታሌ ተነሥቶ ወደ ዶፈን አቅጣጫ በአስር ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ርዝመት ባለው መሥመር ላይ ምድር ወደ ግራና ቀኝ እየተከፈተች፣ መካከሏም እየሰጠመ መሆኑን አሳዩ። ይህ ደግሞ በዳባሁ እንደታየው ማግማ በምድር ውስጥ እየሰነጠቀ የሚገባበት ምልክት ነው። ማግማው ግን ወደ ላይ ሳይወጣ በውስጥ ቀረ። በዶፈን የታየው እንፋሎትና ጭቃም የቀለጠ አለት አልነበረም።

ይህ ዕውቀት ለአንድ አባወራ ምን ይጠቅመዋል? መልሱ ቀላል ነው። ምድር የምትከፈትበት መሥመር ከታወቀ የትኛው ቀበሌ መልቀቅ እንዳለበት፣ የትኛው መንገድና ግድብ መመርመር እንዳለበት፣ የተፈናቀለውም ወገን መልሶ ሲሠፍር ቤቱን የት መትከል እንደሌለበት መወሰን ይቻላል። ከዚህም ሌላ የሴንቲኔል-1 ሥዕሎች ለማንኛውም ሰው በነፃ የሚሰጡ ናቸው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሆነ የለንደን ፕሮፌሰር የሚያገኙት አንድ ነው። ልጆቻችን ሒሳብና ፊዚክስ ሲከብዳቸው «ይህ ምን ያደርግልኛል?» ብለው ከጠየቁ፣ የገዛ አገራቸውን ምድር ሌሎች እስኪያነቡላቸው ከመጠበቅ ራሳቸው ሊያነቡት እንደሚችሉ ንገሯቸው።

የማይችለው ነገር

መሣሪያን ማመስገን ድክመቱን ከመናገር ጋር ካልሆነ ማስታወቂያ ይሆናል። ስለዚህ ሳተላይቱ የማይችላቸውን ነገሮች በግልጽ እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ ሳተላይቱ ምድርን የሚያያት ከላይ በቀጥታ ሳይሆን ወደ ጎን አዘንብሎ ነው። የሚለካውም መሬቱ ወደ እርሱ መቅረቡን ወይም ከእርሱ መራቁን ብቻ ነው። ስለዚህ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲያልፍ የወሰደውን፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲያልፍ ከወሰደው ጋር ማጣመር ያስፈልጋል። ያኔም ቢሆን የሚሄድበት መሥመር ራሱ ከሰሜን ደቡብ በመሆኑ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚደረግ የመሬት እንቅስቃሴን በደንብ አያይም።

ሁለተኛ፣ በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ሞገዱን ያዘገየዋል። በሁለቱ ቀናት የእርጥበቱ መጠን ከተለያየ መሬቱ ሳይንቀሳቀስ የተንቀሳቀሰ መስሎ ሊታይ ይችላል። አንድን ሥዕል ብቻ አይቶ መፍረድ የማይቻለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛ፣ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍና አዝመራ ባለበት ቅጠሉ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ሁለቱ ሥዕሎች አይጣጣሙም። የአፋር ምድር ለዚህ ጥናት የተመቸው ደረቅና ራቁት በመሆኑ ነው። አሜሪካና ሕንድ በጋራ ሠርተው በሐምሌ 2025 ያመጠቁት ኒሳር የተባለው ሳተላይት በ24 ሳንቲ ሜትር ገደማ ረዘም ያለ ሞገድ ጭምር ስለሚጠቀም፣ ዕፀዋት በበዙባቸው አገሮች የተሻለ ውጤት እንዲያስገኝ ተስፋ ተጥሎበታል።

አራተኛና ዋነኛው፣ ሳተላይቱ የሚነግረን የሆነውን ነው እንጂ የሚሆነውን ቀንና ሰዓት አይደለም። ምድር በየት በኩል ውጥረት እያጠራቀመች እንደሆነ፣ የትኛው ተራራ እያበጠ እንደሆነ ያሳያል። ክሩ መወጠሩን ያሳያል፤ የሚበጠስበትን ቅጽበት ግን አያሳይም። በዓለም ላይ የትኛውም የምርምር ተቋም «ነገ በዚህ ሰዓት በዚህ ቦታ ይህን የሚያህል መንቀጥቀጥ ይደርሳል» ብሎ ተንብዮ አያውቅም። የማይታወቀውን ነገር ዕውቀቱ ወደ ጌታው እንደሆነ አምኖ የሚያድር ሰው በስልክ የሚዞር የሰዓት ቀጠሮ ሊያስበረግገው አይገባም። እንዲህ ያለ መልእክት የደረሰው ሁሉ ለሌላ ሳያስተላልፍ እዚያው እርሱ ዘንድ ቢያስቀረው ለጎረቤቱ ትልቅ ውለታ ዋለ።

ታዲያ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ቀኑ አይታወቅም ማለት ግን ዝግጅት አያስፈልግም ማለት አይደለም። እንዲያውም ቀኑ የማይታወቅ ነገር ዘወትር ዝግጅትን ይጠይቃል። ሰበብን ማድረስ የእኛ ፋንታ ነው።

ቤት የሚሠራ ሰው በብረቱና በሲሚንቶው ላይ የሚቆጥበው ገንዘብ በገዛ ልጆቹ ራስ ላይ የሚንጠለጠል መሆኑን አይርሳ። የአገሪቱ የሕንፃ ኮድ ስለ መንቀጥቀጥ የሚያዝዘው ነገር አለ። ኮንትራክተሩን «ይህንን ጠብቀሃል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የባለቤቱ መብት ነው። መስጂድም፣ መድረሳም፣ ትምህርት ቤትም የሚያሠሩ ኮሚቴዎች ይህንን ጥያቄ ከሁሉ በፊት ሊያነሡት ይገባል፤ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የሚሰበሰበው በእነርሱ ውስጥ ነውና።

በቤት ውስጥም ከባድ ቁም ሣጥንና መደርደሪያ ከግድግዳ ጋር ይታሰር፤ በአልጋ ራስጌ ላይ ከባድ ዕቃ አይሰቀል። ምድር ስትናወጥ ፎቅ ላይ ያለ ሰው ወደ ደረጃና ወደ ሊፍት ከመሮጥ ይልቅ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራሱንና አንገቱን ይሸፍን፣ የጠረጴዛውንም እግር አጥብቆ ይያዝ። ውጭ ያለ ሰው ከግድግዳና ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ይራቅ። መናወጡ ካቆመ በኋላ ቤተሰቡ የት እንደሚሰባሰብ ዛሬውኑ ተነጋገሩ። ለዚህ አንድ የእራት ሰዓት ይበቃል። ከተፈናቀሉት ወገኖች መካከል በአካባቢያችሁ ያረፉ ካሉም ጎራ ብላችሁ ጠይቋቸው፤ የምድሩ መናወጥ ጋብ ቢልም የእነርሱ ቤት ገና አልቆመ ይሆናል።

ልጆች ደግሞ በሚከተለው ጥያቄ ይፈተኑ። አንድ ተማሪ በኢንተርፌሮግራም ላይ ካልተንቀሳቀሰው ጠርዝ ተነሥቶ እስከ መካከሉ 15 ቀለበቶች ቢቆጥር፣ መካከሉ ወደ ሳተላይቱ አቅጣጫ የተንቀሳቀሰው በስንት ሳንቲ ሜትር ነው? አንድ ቀለበት 2.8 ሳንቲ ሜትር መሆኑን አትርሱ። መልሱን በሚቀጥለው እትም ኢንሻአላህ እናወጣዋለን።

አላህ ወገኖቻችንን ከመከራ ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።